የፊት ሀብ ለትራክ፦ ርካሹ፣ የፋብሪካው ወይስ ኤስኬኤፍ? (2002 ኮርቬት ዚ06)

ዚ06_አሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ 2002 ኮርቬት ዚ06 ናት። በአዘቦት ቀን ብዙም አልነዳትም፣ ሳመር ሲመጣ ግን ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት የእሽቅድምድም ትራክ እወስዳታለሁ፣ ዋናው ሰርኪዩት ላይ። ጎማዋ 200 ትሬድዌር ነው (የላስቲኩ የማለቅ ደረጃ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ለስላሳ ነው)፣ አስፋልቱን ጥርቅም አድርጎ ነው የሚይዘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 10ኛውን ኩርባ በፍጥነት ወደ ቀኝ ዞሬ ወጥቼ ቀጥታውን እጨርስና 1ኛው ኩርባ ላይ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ይሰምጣል። ለቅቄ እንደገና ስረግጠው ደህና ነው። ግን በዛ ፍጥነት ያቺ አንድ ሰከንድ ምን እንደምትመስል የነዳ ያውቃታል። የፍሬን ዘይቱ አዲስ ነው፣ አየር የለውም፣ ሸራውም ገና ወፍራም ነው። ከዛ ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ሰርቪስ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ሲስተም) የሚል ጽሑፍ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፣ ሞተሩን አጥፍቼ ሳስነሳው ይጠፋል። ሀይዌይ ላይም ጉምምም የሚል ድምፅ ጀምራለች፣ መጀመሪያ የጎማ ድምፅ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

አንድ ጋራዥ ወስጃት አላይመንት ነው ብለው ሠሩልኝ። ገንዘቡን ከፈልኩ፣ ድምፁ አለ።

ሳነብ ሳነብ የፊት ሀብ (ጎማው የሚታሰርበት፣ ውስጡ ኩሽኔታ ያለው ዕቃ) ነው የሚል ነገር በዛብኝ። ገበያው ላይ ደግሞ ሦስት ዓይነት አለ፦ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ርካሽ ባለ ላይፍታይም ዋራንቲ፣ ለመንገድ የሚሆን ኦሪጅናል፣ እና ኤክስትራከር የሚባለው የኩሽኔታ አምራቹ የኤስኬኤፍ፣ ዋጋው የሚያስደነግጥ። የቱን ልግዛ? ሁለቱንም ጎን ልቀይር ወይስ የተበላሸውን ብቻ? 15 ሚሊ ስፔሰር (ጎማውን ወደ ውጪ የሚያወጣ ቀለበት) ላስገባም አስቤ ነበር፣ ጓደኞቼ ስፔሰር ኩሽኔታ ይበላል ብለው አስፈራሩኝ። በየስንት ጊዜው ነው የሚቀየረውስ? በናታችሁ የሠራችሁበት ሰዎች መልሱልኝ።

የድሮ_መካኒክ

ወንድሜ እንደምን ነህ። እኔ ሥራውን የጀመርኩት አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ አሁን ሜሪላንድ ነኝ፣ ኮርቬትም ብዙ አልፎልኛል። ፔዳል ሰመጠ ብለህ ፍሬኑን እንዳትፈታው። የነገርከኝ ሦስቱም ምልክት ወደ አንድ ቦታ ነው የሚያመለክቱት።

ኩሽኔታው ሲላላ ኩርባ ላይ ሀቡ ትንሽ ይጋደማል። ዲስኩ ሀቡ ላይ ስለሆነ አብሮ ይጋደምና ሸራውን ከነፒስተኑ ወደ ካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ዕቃ) ውስጥ ይገፋዋል። ኩርባው ሲያልቅ ዲስኩ ቀጥ ይላል፣ ፒስተኑ ግን ተገፍቶ በቀረበት ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ ከ10 ወጥተህ 1 ላይ ስትረግጥ የመጀመሪያው እርግጫ የሚያልቀው ያንን ክፍተት በመሙላት ነው። ሁለተኛው ነው የሚያቆምህ። ለጊዜው መፍትሔው ቀጥታው ላይ ሳለህ በግራ እግርህ ፔዳሉን ነካ ነካ ማድረግ ነው፣ ሸራው ወደ ዲስኩ ይጠጋልሃል። እሱ ግን ማስታገሻ ነው፣ በሽታው እዛው ነው።

አንድ ነገር ለይልኝ። ፔዳሉ ከሰመጠ የነገርኩህ ነው። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ካለህ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የኤቢኤስ ሴንሰሩ ያለው ሀቡ ውስጥ ስለሆነ ሀቡ ሲጋደም የተሳሳተ ንባብ ይልካል፣ ኮምፒውተሩም ጎማው የተንሸራተተ መስሎት የፍሬኑን ግፊት ይለቀዋል። እሱ ካጋጠመህ ቀኑን ጨርሰህ ወደ ቤትህ ግባ።

አሁን ሂድና ይሄን አድርግ። በክሪክ አንሳትና ከሥር ድጋፍ አድርግላት። ጎማውን በ12 እና በ6 ሰዓት አቅጣጫ ይዘህ ነቅንቅ፣ ከዛ በ3 እና በ9። በ3 እና በ9 ብቻ ከተነቃነቀ መጀመሪያ የመሪውን ቴስቲና (መጋጠሚያውን) ጠርጥር። በ12 እና በ6ም ከተነቃነቀ አንድ ሰው መኪናው ውስጥ ገብቶ ፍሬን ይርገጥልህ፣ አንተ ደግመህ ነቅንቅ። ፍሬን ተረግጦ መነቃነቁ ከጠፋ ኩሽኔታው ነው። ካልጠፋ ቴስቲናዎቹን እይ።

ሌላው፣ ጎማውን በእጅህ እያሽከረከርክ በሌላው እጅህ ስፕሪንጉን ያዝ፣ ንዝረቱ ይሰማሃል የሚሉህ አሉ። ምክሩ ጥሩ ነው፣ አንተ ጋ ግን አይሠራም። ኮርቬት እኮ እንደ አይሱዙ ባሎስትራ ነው ያላት፣ ልዩነቱ የሷ ፋይበር ሆኖ አግድም መተኛቱ ነው። አንተ ናክሉን (ሀቡ የታሰረበትን ክፍል) ያዝ። አሸዋ እንደገባበት ከተንኮሻኮሸ አለቀ ማለት ነው።

ኮዱን ለማንበብ ማሽን አያስፈልግህም። ቁልፉን አብራ፣ ሞተር አታስነሳ፣ ኦፕሽንስ የሚለውን ተጭነህ ሳትለቅ ፊውል የሚለውን 4 ጊዜ ጫን። ኮዶቹን ራሱ ያሳይሃል። ኤቢኤሱ 28 ቲሲኤስ (የጎማ መንሸራተት መቆጣጠሪያው) የሚለው ሥር ነው።

ኒውተን_ሜትር

ጋሼ ያሉት ላይ ስለ ስፔሰሩ ልጨምር፣ ይሄ ነገር ሁልጊዜ ተገልብጦ ነው የሚወራው።

ግምታዊ ሂሳብ እንሥራ። መኪናህ ካንተ ጋር ወደ 1500 ኪሎ ነው። 10ኛው ኩርባ ላይ ክብደቱ ወደ ግራ ይተኛል፣ የግራ ፊት ጎማው ላይ ወደ 5500 ኒውተን ወርዷል እንበል። እንዳንተ ያለ ጎማ ከተሸከመው በላይ ወደ ጎን መግፋት ይችላል፣ 6500 ኒውተን በል። ያ ግፊት የሚመጣው አስፋልቱ ላይ ነው፣ ኩሽኔታው ያለው ደግሞ ከዛ ወደ 32 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ስታባዛው 2000 ኒውተን ሜትር አለፈ። የጎማ ዳዶህን የምታጠብቀው በ140 አካባቢ ነው፣ አስበው። ይሄ ሁሉ ሀቡን ለማጋደም የሚሠራ ጉልበት ነው።

አሁን ስፔሰሩን ጨምር። 15 ሚሊ በ5500 ስታባዛው 80 ምናምን ኒውተን ሜትር ነው። ከ2000 ጋር ሲተያይ ምንም ነው። በዛ ላይ ኩርባ ላይ ለውጪኛው ጎማ አቅጣጫው ተቃራኒ ስለሆነ እንዲያውም ትንሽ ይቀንስለታል። ቀጥታ መንገድ ላይ፣ ጉድጓድ ላይ፣ በውስጠኛው ጎማ በኩል ይጨምራል፣ ያ ልክ ነው። ግን ኩሽኔታህን የበላው ጎማህ ነው። የሚይዝ ጎማ ስታስገባ ነው ሀቡን የቀጣኸው። ለኳስ ኩሽኔታ ደግሞ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ ስምንተኛ ይወርዳል፣ ትራክ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ስፔሰር የማልወደው በሌላ ምክንያት ነው፣ መሪውን ይለውጥብሃል፣ የሚቀረው የቡሎን ጥርስም ያጥራል። ካስገባህ ረዥም ቡሎን የግድ ነው።

ሁለተኛው ጠላት ሙቀት ነው። ትራክ ላይ ዲስክ ከ500 ዲግሪ ሲያልፍ ብርቅ አይደለም። ዲስኩ የተጣበቀው ሀቡ ፊት ላይ ነው፣ ስለዚህ ሙቀቱ የትም አይሄድም፣ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ብዙው የኩሽኔታ ግሪስ ከ150 ዲግሪ በላይ ብዙ ከቆየ ዘይቱን ይለቃል። የመሸፈኛው ጎማም ይደርቃል፣ ከዛ ውኃና አቧራ ያስገባል።

የቱን ልግዛ ላልከው፣ ኤክስትራከር። ምክንያቱ ስሙ አይደለም። ተራው ሀብ ውስጥ ሁለት እኩል የብይ ረድፍ ነው ያለው። ኤክስትራከር ላይ የውጪው ረድፍ ክቡ ሰፋ ይላል፣ ብዮቹም ይበዛሉ። ስለዚህ ኩርባ ላይ የሚጋደመው ያነሰ ነው፣ ያ ደግሞ በቀጥታ ፔዳልህን ነው የሚያስተካክለው። ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ግትርነት ነው የምትገዛው።

ኪስ_ጠባቂ

ኧረ ተዉት ልጁን፣ ባዶ ታስቀሩታላችሁ። እኔ ማዝዳ ሚያታ ነው የምነዳው፣ ርካሹን ሀብ አስገባለሁ፣ ሲጮህ አወጣውና ወስጄ በዋራንቲ አዲስ እወስዳለሁ። ዕድሜ ልክ ነፃ ሀብ ማለት ነው። በኤክስትራከሩ ዋጋ ስንት ትራክ ደይ (ትራክ ላይ የሚነዳበት ቀን) ይገባበታል?

ኒውተን_ሜትር

@ኪስ_ጠባቂ ሚያታህ ቀላል መኪና ነች፣ በመንገድ ጎማ በዓመት አንድ ሁለቴ ብቅ የምትል ከሆነ አልከራከርህም። እሱ ግን 405 የፈረስ ጉልበት ይዞ በሚይዝ ጎማ ነው የሚሄደው። ደግሞ የዋራንቲውን ትንሹን ጽሑፍ አንብበው፣ አብዛኛው ለውድድር የዋለ ዕቃ አይቀበልም። "ሲጮህ አወጣዋለሁ" ያልከው ላይ ነው በፍጹም የማልስማማው። ሀብ ሁልጊዜ ጮሆ አይሞትም። አንዳንዴ መጀመሪያ የሚላላው ነው፣ ድምፁ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ሄልሜት አድርገህ ደግሞ የኤግዞስት ጩኸት ውስጥ ሆነህ ምኑን ትሰማዋለህ? የሀብ ፊት ሲሰበር ጎማው ከነዲስኩ ነው የሚሄደው።

ኪስ_ጠባቂ

እሺ እሺ፣ ለሱ መኪና ይሁንላችሁ። ለኔ ግን ርካሹ በቂ ነው፣ ከመውጣቴ በፊት በእጄ ነቅንቄ ነው የምወጣው። የሚያታ የፊት ሀብ የመሐል ዳዶ ግን ከ124 እስከ 159 ፉት ፓውንድ ነው፣ በግምት "ጠበቅ" አድርጎ የሚሄድ ሰው ርካሽ ውድ ሳይል ያበላሸዋል። እሱን አውቃለሁ።

ማታ_ዱባይ

ከዱባይ ሰላም ብያለሁ። እዚህ አውቶድሮም ላይ ነው የምነዳው፣ በበጋ ቀን ቀን አይቻልም፣ ማታ ነው የምንወጣው፣ ያኔም አስፋልቱ ገና ትኩስ ነው። ስለ ሙቀቱ የተባለው ትክክል ነው። የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳትነካ ቀስ ብለህ ጨርስ፣ ቆመህም የእጅ ፍሬን አትያዝ። የአየር መንገድ ቧንቧ ከባምፐሩ ወደ ዲስኩ መሐል ካስገባህ ደግሞ ለሸራም ለኩሽኔታም ነው የሚጠቅመው። ወደ ዲስኩ ጠርዝ የሚነፋ ቧንቧ አየሁ፣ እሱ ሀቡን አያቀዘቅዝም።

የኔ ቢኤምደብልዩ ኢ46 ነች። የሷ የፊት ሀብ ባለ አንድ ትልቅ ዳዶ ነው፣ 46 ቡሶላ ይፈልጋል፣ በ290 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቀው፣ ዳዶው ደግሞ አንዴ ከተፈታ አይደገምም። አሮጌውን ሀብ ስትስብ ብዙ ጊዜ የውስጠኛው ቀለበት ዘንጉ ላይ ይቀራል። መሳቢያ ከሌለህ በግራይንደር ቀስ ብለህ ትሰነጥቀዋለህ፣ ዘንጉን ሳትነካ። ዘንጉ ላይ ጭረት ካስቀረህ አዲሱ ሀብ በትክክል አይቀመጥም።

ልነግርህ የፈለግኩት ግን ስለ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ነው። እዚህ በየመጋዘኑ የኤስኬኤፍ ወይም የኤፍኤጂ ካርቶን የለበሰ ኩሽኔታ አይጠፋም፣ ከዚህ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ሶማሌ ተራ ያላችሁም ታውቁታላችሁ። ካርቶኑ ዛሬ ማንንም ያታልላል። ኤስኬኤፍ ኦተንቲኬት የሚባል አፕ አለው፣ ፎቶ አንስተህ ትልካለህ፣ አይተው ይመልሱልሃል። ኤፍኤጂ የሼፍለር ስለሆነ ኦሪጅንቼክ የሚባለውን ትጠቀማለህ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ኮድ ታነሳለህ። ከታወቀ ወኪል ግዛ፣ ዋጋው ከሌላው በግማሽ ከወረደ ደግሞ ዝም ብለህ እለፈው።

ዚ06_አሌክሳንድሪያ

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። የግራ ፊቱ በ12 እና በ6 ሲነቀነቅ ትክ ትክ ይላል፣ ባለቤቴ ፍሬን ስትረግጥ ጭራሽ ይጠፋል። ናክሉን ይዤ ሳሽከረክረው ልክ እንዳሉት አሸዋ ነው። የቀኙ ፀጥ ያለ ነው። 28 ቲሲኤስ ላይም የግራ ፊት ጎማ ሴንሰር ነው የሚለው።

ኒውተን_ሜትር ስለ ስፔሰሩ አመሰግናለሁ፣ ጓደኞቼን አሳየኋቸው፣ አሁንም አላመኑም። ለጊዜው ይቅር ብያለሁ። ኤክስትራከሩን ከወኪል ላዝ ነው። ግራውን ብቻ ልግዛ ወይስ ሁለቱንም?

የድሮ_መካኒክ

ይኸው፣ ግራ ነው። ሰሚት ፖይንት በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር ኩርባው ወደ ቀኝ ይበዛል፣ ጭነቱን የሚሸከመው ግራው ነው። ሁለቱንም ቀይር። አንዱ ግትር፣ አንዱ ልል ከሆነ መኪናዋ ግራና ቀኝ ስትዞር ባሕሪዋ ይለያያል። ደህናውን የቀኝ ሀብ ግን አትጣለው፣ ፊት ለፊት ግራና ቀኝ አንድ ዓይነት ነው፣ ትራክ ይዘኸው ሂድ።

አገጣጠሙ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ካሊፐሩን ፈትተህ በሽቦ ስቀለው፣ በፍሬን ጎማው እንዳይንጠለጠል። ዲስኩን አውጣ፣ የኤቢኤሱን ሶኬት ንቀል። ሀቡን የያዙት ከኋላ ሦስት ቡሎኖች ናቸው። ዋናው ጣጣ የሚመጣው ቡሎኖቹ ከተፈቱ በኋላ ነው፣ ናክሉ አልሙኒየም፣ ሀቡ ብረት ስለሆነ ዝገት ያጣብቃቸዋል። ማታ የሚሰርግ ዘይት ንፋበትና እደር። ጠዋት ቡሎኖቹን ሙሉ በሙሉ ሳታወጣ ጥቂት ጥርስ ላይ ተዋቸው፣ ከዛ ራሳቸውን በቡሶላና በማራዘሚያ እየተዟዟርክ ምታ። አንዱን ብቻ አትምታ፣ ይጣመማል። አሮጌው ሀብ እንደፈለግክ ይመታ፣ የሚጣል ነው።

አዲሱ ላይ መዶሻ ቢነካ ግን አላውቅህም። አንድ ምት ብዮቹን ቀለበቱ ላይ ያትማቸዋል፣ በዓይን አይታይም፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይጮሃል። ስለዚህ የናክሉን ቀዳዳ አልሙኒየሙ እስኪያበራ ድረስ አጽዳው፣ አዲሱ በእጅ መግባት አለበት። ቡሎኖቹን ተራ በተራ እየዞርክ አጥብቅ፣ የመጨረሻውን በቶርክ መፍቻ፣ ልኩን ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ ውሰድ። ኢምፓክት (እየመታ የሚፈታው ማሽን) ለመፍታት ብቻ ነው። ረዥም የጎማ ቡሎን የምታስገባ ከሆነ ሀቡን ሳትገጥም በፊት በፕሬስ አስገባው። የሀቡን ፊትና የዲስኩን ውስጥ ተመልከት፣ ቅንጣት ዝገት ከቀረ ዲስኩ ይወላገድና ፍሬን ስትይዝ ይንቀጠቀጥብሃል፣ ያኔ አዲሱን ሀብ ልትረግም ነው።

የኤቢኤሱን ሽቦ በነበረበት መንገድ አስኪደው፣ ከዛ መሪውን እስከ ጥግ ግራም ቀኝም አዙርና ሽቦው እንዳልተወጠረ አረጋግጥ። የኋላዎቹን አንድ ቀን ስትነካ ደግሞ ይሄን አስታውስ፦ የአክስሉ ዳዶ ላልቶ መኪናዋ መሬት ላይ እንዳትንከባለል። ኩሽኔታውን የሚያጣብቀው እሱ ዳዶ ነው፣ ክብደት ካረፈበት ያለ ሥራ ታበላሸዋለህ።

ኒውተን_ሜትር

በየስንት ጊዜው ላልከው፣ ማይል ቆጥሮ የሚነግርህ ካለ አትመነው። ጎማህ፣ ትራኩ፣ የምትነዳበት ፍጥነት ሁሉም ይለውጡታል። እኔ የማደርገው አዲስ ሲገባ ዳያል ጌጅ (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ መሣሪያ) ሀቡ ፊት ላይ አስደግፌ መነቃነቁን አነብና እጽፈዋለሁ። ከየትራክ ደዩ በፊት እደግመዋለሁ። ቁጥሩ መጨመር ከጀመረ ድምፅ አልጠብቅም። ጌጅ ከሌለህ የ12 እና የ6 ፍተሻው ራሱ ብዙ ይነግርሃል፣ ግን ሞቆ እንደመጣም ሞክረው፣ ቀዝቅዞ የማይታይ ነገር ሞቆ ይታያል። ጓንት አትርሳ። ግሪስ ጨምሩበት የሚሏችሁን ደግሞ አትስሙ፣ ይሄ የታሸገ ዕቃ ነው፣ ውስጡ ያለው ግሪስ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳታውቅ ሌላ ብትቀላቅልበት ሁለቱም ቀጥነው ሊፈስሱ ይችላሉ። ስታጥባትም የግፊት ውኃውን ከሀቡ አርቀው።

ማታ_ዱባይ

ሞቆ እንደመጣ የሚለው ላይ እኔም እስማማለሁ። ርካሽ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ግዛና ከዙር እንደተመለስክ አራቱንም ሀብ ለካ። ግራና ቀኝ ብዙ ከተለያዩ አንድ ነገር አለ ማለት ነው፣ ወይ ኩሽኔታ ነው ወይ የካሊፐር ፒስተን ተጣብቋል።

ዚ06_አሌክሳንድሪያ

ሁለቱንም አዝዣለሁ። ዳያል ጌጅም ጨመርኩበት፣ ባለቤቴ ደረሰኙን እስክታይ ድረስ ሰላም ነው። ሲገጠም የመጀመሪያውን ንባብ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

የድሮ_መካኒክ

የድሮውን የቀኝ ሀብ ስታስቀምጥ የኤቢኤሱን ሶኬት በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ እርጥበት ከገባበት ትራክ ላይ ስትገጥመው ያው መብራት ነው የሚበራብህ። ሦስቱን ቡሎንና የምትፈታበትን ቡሶላም አንድ ላይ አስረህ አስቀምጥ።